ሬዲዮ ላይ እንደልቤ አወራ የነበርኩ ሰው ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ

የኮዬው መገናኛ
እሑድ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ስጽፍና ስሰርዝ ሦስተኛ ሌሊቴ ነው። ዛሬ እንደመጣልኝ ልልቀቀው።

መከላከያ ውስጥ 11 ዓመት አገልግያለሁ። ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፣ ሙያዬ መገናኛ። በ2014 አጠገቤ የወደቀ ነገር ግራ ጆሮዬን ጎዳው፤ ቆይቶ በሕክምና ቦርድ ተሰናበትኩ። አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከእህቴ ጋር ነው የምኖረው። ገላን አካባቢ አንድ ፋብሪካ ስቶር ክፍል ከተቀጠርኩ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ።

ሥራው አልከበደኝም። ዕቃ ማስገባት፣ ማውጣት፣ ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ) መሙላት፣ ይኼ ለእኔ ጨዋታ ነው። የከበደኝ ሰው ነው።

ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ የዱከም ታክሲ እይዛለሁ፤ ገላን ላይ መውረድ አለብኝ። መውረጃዬ ሲቃረብ «ወራጅ አለ» የምትለዋ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ትቆማለች። ልቤ ይደልቃል፣ መዳፌ በላብ ይርሳል፣ ታክሲው ሙሉ ዞሮ የሚያየኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ሌላ ሰው ወራጅ እስኪል እጠብቃለሁ። ቀድሞ ካለ አብሬው ወርጄ ቀሪውን በእግሬ እሄዳለሁ፤ አሳልፎ ካለ ወደኋላ እመለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ማንም ሳይል ቀረና ዱከም ገባሁ! ተመልሼ ስደርስ 40 ደቂቃ አርፍጄ ነበር። ለአለቃዬ መንገድ ተዘግቶ ነው አልኩት። ብርጌድ ከብርጌድ በድምፄ ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ።

ምሳ ሰዓት ሌላው ጣጣ ነው። ጀርባዬን ለግድግዳ የምሰጥበት ቦታ ካላገኘሁ ካፍቴሪያው ውስጥ አልቀመጥም። የሥራ ባልደረቦቼ ደግ ናቸው። ግን እንደገባሁ ሰሞን አንዱ እያጎረሰኝ፣ ሳቅ እያለ፣ «እስቲ እውነቱን ንገረን፣ ስንት ጣልክ?» አለኝ። ጉርሻውን ዋጥኩት፤ ምን እንደመለስኩለት ግን አላስታውስም። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ስቶር ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው የምበላው።

አለቃዬ ነገሩ ገብቶት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ሐሙስ ዕለት ጠርቶ «የሌሊት ጥበቃ ቦታ ተከፍቷል፤ አንተ ደግሞ የሠራዊት ሰው ነህ፣ ደሞዙም ትንሽ ከፍ ይላል» አለኝ። ብቻዬን፣ ጨለማ፣ ማንም የለም። ልቤ ዘለለ። እህቴ ግን «ልትደበቅ ነው» አለችኝና ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እስከ መጪው ሐሙስ መልስ መስጠት አለብኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አያት ጨፌ
እሑድ፣ ማታ 3፡41

ወንድም፣ ጋቢና ተቀመጥ። ሹፌሩን ቀስ ብለህ «እዚህ ጋ» ትለዋለህ፣ አለቀ። እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም፣ ግን «ወራጅ» ማለት አፍሮ ስንት ፌርማታ ያለፈ ሰው ነኝ።

ጋሽ ጡረተኛው
እሑድ፣ ማታ 4፡30

ልጄ፣ እኔ በ1983 ከተበተነው ግማሽ ሚሊዮን ከሚጠጋው ሠራዊት አንዱ ነኝ። ካምፕ ቆይቼ አቃቂ ወላጆቼ ቤት ስመለስ 29 ዓመቴ ነበር። ያኔ ለዚህ ነገር ስም አልነበረውም። «ጦሩ ነክቶታል» ይባላል፣ ያልፋል።

እኔም እንዳንተ ሰው ሲበዛ መተንፈስ ያቅተኝ ነበርና አንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ያዝኩ። መጀመሪያ ገነት መሰለኝ። አንድ ባትሪ፣ አንድ ዱላ፣ አንድ ውሻ። ማንም «እንዴት ነበር?» አይለኝም። ለአንድ ዓመት ብዬ የገባሁበት 22 ዓመት ፈጀ። ልጆቼ ያደጉት «ዝም በሉ፣ አባባ ተኝቷል» እየተባሉ ነው። ሰርግ ሲጠሩኝ «ተረኛ ነኝ» እላለሁ። ለቅሶ ሲሆን «ተረኛ ነኝ»። ባልሆንም እላለሁ። ጡረታ የወጣሁ ቀን 22 ዓመት ከኖርኩበት ግቢ ሊሸኘኝ የወጣ ሰው ውሻው ነበር። እሱም የመጀመሪያው ውሻ የልጅ ልጅ ነው።

ጥበቃ ነውር የለበትም፤ ልጆቼን ያስተማርኩበት ነው። አንተ ግን ሥራውን ወደኸው ነው ወይስ ሰው ጠልተህ? እሱን ለራስህ መልስ።

ስለ ምሳው ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ፤ ዓይኔ ደከመ።

[በዚህ ቦታ የነበረ አስተያየት በአወያዩ ተነሥቷል። «ሥራ ያጣ ወጣት ሞልቶ» በሚል የሰው ሕመም ላይ ማሾፍ እዚህ ቤት አይቻልም።]

በር ላይ ነኝ
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ጋሼ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። እኔም ጥበቃ ነኝ፣ ለገጣፎ፣ የቀን በር። ጥበቃ ሰው አያገኝም ያለው ማነው? እኔ በር ላይ ቆሜ ከጠዋት እስከ ማታ ስንቱን ሰላም እላለሁ፤ የሠራተኛው ልጅ እንደታመመ ከኤች አር ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ሰው የሚያሳጣው ሌሊቱ ነው። ወንድማችን ጥበቃ ካማረው የቀኑን በር ይጠይቅ።

ኤች አር ነኝ ቂሊንጦ
ሰኞ፣ ቀን 6፡50

ምሳ ሰዓቴ ነው፣ ፈጠን ብዬ ልጻፍ።

መጀመሪያ ኑዛዜ። እኛ የቅጥር ሰዎች የቀድሞ ወታደር ማመልከቻ ስናይ እጃችን ሳናስበው ወደ ጥበቃ ፋይል ይሄዳል። ሰውዬው መገናኛ ይሁን፣ ሎጂስቲክስ ይሁን፣ የሒሳብ ሰው ይሁን አንጠይቅም። አለቃህ ክፉ ስለሆነ አይደለም ያቀረበልህ፣ ልማድ ነው። እምቢ ብትለው የሚጣላህ አይመስለኝም።

ሕጉን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። አንተ አምስተኛ ወርህ ከሆነ ሙከራውን ጨርሰሃል። ይህ ለምን ይጠቅምሃል? የሕመም ፈቃድ የሚጀምረው ከሙከራ በኋላ ስለሆነ ነው። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደሞዝ። ስድስት ወር ጥፋ ማለቴ አይደለም! ለሐኪም ቀጠሮ ስትቀር በማግሥቱ አሳውቅ፣ የሐኪም ማስረጃህን አስገባ፤ «መንገድ ተዘግቶ ነው» አትበል። እሱ ሲደጋገም ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይመጣል።

ጆሮህ ላይ ያለው ጉዳት በወረቀት ከተረጋገጠ ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚመለከተው አዋጅ 568/2000 አለ። አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችልህ ይላል። የጠረጴዛህን አቅጣጫ ማዞር እንኳ በዚያ ውስጥ ይገባል።

ለአለቃህ ምን ትለዋለህ? የሕመሙን ስም መጥራት የለብህም። የሚያስፈልግህን ንገረው። «በግራ ጆሮዬ አልሰማም፣ ከፊት ለፊት ሲያናግሩኝ ነው የሚገባኝ፤ በወር ሁለት ግማሽ ቀን ቀጠሮ አለኝ።» በቃ።

የኮዬው መገናኛ
ሰኞ፣ ማታ 2፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የውሻው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። የስቶር ስልክ ሲጮህ አላነሣም። አቅራቢ ሲደውል እስኪዘጋ ጠብቄ መልእክት እልክለታለሁ። ስናስበው አስቂኝ ነው አይደል? ግን ሬዲዮ ሥርዓት አለው። ማን እንደሆንክ ትላለህ፣ መልእክትህን ትናገራለህ፣ ትለቃለህ፣ ያኛው ተራውን ይይዛል። ምሳ ጠረጴዛ ላይ የማን ተራ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሁሉም ባንዴ ያወራል፣ ይሳሳቃል፤ እኔ በአንድ ጆሮ ግማሹን አልሰማም፤ ስስቅ ያለቦታው ስቄ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

ሲስተር ከሰበታ
ሰኞ፣ ማታ 5፡10

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። በጽሑፍ ብቻ ይህ አለብህ ልልህ አልችልም፣ ግን ከጻፍከው ውስጥ የያዝኩትን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂድና ጆሮህን አስመርምር። ሁሉም ሰው ጭንቀቱን እያየ የጆሮውን ሕክምና ዘለለው። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየት ይቸገራል፤ ጫጫታ ውስጥ ደግሞ ንግግር ይምታታበታል። አንጎልህ ቀኑን ሙሉ ክፍተት ሲሞላ ይውላል፣ ይደክማል። ምሳ ላይ «ያለቦታው ሳቅኩ» የምትለው ፍርሃት ግማሹ የጆሮ ሊሆን ይችላል። ጆሮህ ውስጥ የሚጮህ ድምፅ ካለ እሱንም ንገራቸው።

ሁለተኛ፣ የተደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። ጀርባህን ለግድግዳ መስጠትህ፣ በር በር ማየትህ ጦር ሜዳ ያስተማረህ ጥንቃቄ ነው። እዚያ ሕይወትህን ያተረፈ ነው፣ እዚህ ጠላት ፈልጎ ያጣል። ቅዠት፣ ነገሩ እንደገና የሚሆን እየመሰለህ መደንገጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ካለ ለሐኪሙ ደብቀህ እንዳትወጣ። «ወራጅ» ማለት ማቃት ግን ሌላ ነው። እዚያ የምትፈራው ጥይትን ሳይሆን የሰው ዓይንን ነው፤ «ምን ይሉኝ» ነው። ማኅበራዊ ጭንቀት የምንለው ይህንን ነው። አንድ ሰው ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ፣ ሕክምናቸው ግን ትንሽ ይለያያል።

አሁን ወደ ዋናው። ከካፍቴሪያው ወጥተህ ካርቶኑ ላይ ስትቀመጥ እፎይ ትላለህ አይደል? ችግሩን የሚቀልበው ያ እፎይታ ነው። ለጅብ አንድ ቀን አጥንት ወርውረህ «በል ሂድ» ብትለው በማግሥቱ በሰዓቱ መጥቶ በርህ ላይ ይቆማል። በሸሸህ ቁጥር አንጎልህ «ስለሸሸሁ ነው የተረፍኩት» ብሎ ይመዘግባል። ቆይተህ ቢሆን ኖሮ ጭንቀቱ ወጥቶ ወጥቶ በራሱ እንደሚወርድ አያውቅም፣ ምክንያቱም አንድም ቀን ቆይተህ አላሳየኸውም። የሌሊት ጥበቃውም ያው እፎይታ ነው፣ በወር ደሞዝ ሲሆን።

መድኃኒቱ ደግሞ ዘልሎ መግባት አይደለም፣ ደረጃ በደረጃ ነው። ታክሲውን እንውሰድ። የአያት ጨፌው ልጅ ጋቢና ያለህ ጥሩ የመጀመሪያ ደረጃ ነው፤ ለሹፌሩ በቀስታ «ገላን ላይ» በለው። ያን ሳምንቱን ሙሉ አድርገው፣ እስኪሰለችህ። ቤት ግን እንዳትሠራበት። ቀጥሎ ከረዳቱ አጠገብ ተቀመጥና ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገር። ከዚያ መሐል ወንበር፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ታክሲው ሳይሞላ። የመጨረሻው ደረጃ ኋላ ወንበር፣ በጠዋቱ ግፊያ። ከመናገርህ በፊት ጭንቀትህን ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ? ከወረድክ በኋላስ? ትንሽ ደብተር ላይ ጻፈው። ቢን ካርድ ትሞላ የለ፣ ይኼም ያው ነው። አንድ ማሳሰቢያ፣ ጆሮ ላይ ኢርፎን ሰክቶ ወይም ስልክ እያዩ መስሎ መለማመድ አይቆጠርም፤ እሱም መደበቂያ ነው።

ስለ መድኃኒት፣ ሐኪሙ ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን ሊያዝልህ ይችላል። በሁለት ቀን ለውጥ አትጠብቅ፣ ሳምንታት ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ሆድ ሊያሳምም ይችላል። ሱስ አያስይዝም፣ ግን ተሻለኝ ብለህ በራስህ ጊዜ ድንገት አታቁመው። ጓደኛ «ያረጋጋሃል» ብሎ የሚሰጥህን ዲያዜፓም ግን አትንካ፣ እሱ ነው የሚያስለምደው። ጫት የምትቅም ከሆነ ለሐኪሙ ንገር፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ልብ ያስደልቃል፣ በማግሥቱ ጭንቀቱን አብሶ ይጠብቅሃል። ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሰው መሐል መግባትም ያው ነው። ደፋሩ መጠጡ ነው እንጂ አንተ አይደለህም።

«አማኑኤል ታየሁ» የሚል ስም ይወጣብኛል ብለህ ከሆነ፣ አማኑኤል የግድ አይደለም። አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ክፍል አላቸው፣ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ጀምረዋል። ካርድ ስታወጣ ጠይቅ።

ወለተ ማርያም ነኝ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

ወንድሜ፣ ኪኒኑ ይቆይህ። እንጦጦ ማርያም ጸበል 14 ቀን ተጠመቅ፣ ሁሉም ይተናል። ከእምነት ጋር ነው።

ሲስተር ከሰበታ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

እህቴ፣ ጸበሉን ይጠመቅ፣ እኔም እጠመቃለሁ። «ኪኒኑ ይቆይ» የምትለዋን ብቻ አንሺልኝ። መድኃኒት አቋርጠው ጸበል ገብተው ብሶባቸው የመጡ ሰዎችን ተቀብያለሁ። ሁለቱ አይጣሉም።

አፉ የነበርኩ
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡30

እኔ የአንድ የቀድሞ ወታደር ባለቤት ነኝ፣ ሱሉልታ። ለወንድማችን ሳይሆን ለእህቱ ልጽፍ ነው፤ ታነበው ከሆነ።

ባለቤቴ ከተመለሰ በኋላ ሁለት ዓመት አፉ ሆኜ ኖሬያለሁ። ሱቅ እኔ፣ ስልክ እኔ፣ ታክሲ ላይ «ወራጅ» የምለው እኔ፣ አከራይ የማናግረው እኔ። ምግብ ቤት ገብተን እንኳ «ለእሱ ሽሮ» የምለው እኔ ነበርኩ። ፍቅር መስሎኝ ነው። ለእድርማ ምን እነግራችኋለሁ፤ ቀብር አይወጣ፣ ለቅሶ አይደርስ፣ በየወሩ የቅጣት ስንከፍል ሰብሳቢው «እናንተ እኮ እድሩን በቅጣት ገነባችሁት» አሉኝ።

አንድ ቀን ጉሮሮዬን ታምሜ ድምፄ ጠፋ። የእውነት ጠፋ፣ አራት ቀን። ዳቦ ማን ይግዛ? ሄደ። ቆይቶ ቆይቶ መጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ዳቦውን ይዞ። ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ድምፄ ቢመለስም ዳቦውን ለእሱ ተውኩለት። እህቱ፣ ማኩረፉን ተይና ዳቦውን ተይለት።

ዒሳ ከቡራዩ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡00

እኔ የ90–92ቱ ጦርነት ሰው ነኝ፣ ዛላምበሳ ግንባር። ስመለስ ጁምዓ ለመሄድ ዓመት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ከውጭ፣ ጫማ ማውለቂያው ጋ። ከዚያ የመጨረሻው ሶፍ (የሰጋጆች ረድፍ)፣ በሩ አጠገብ። ሲስተር ደረጃ ያለችውን እኔ ሳላውቅ በሶፍ ወጣሁት። አሁን ሦስተኛው ሶፍ ላይ እሰግዳለሁ። አንደኛው ላይ ገና አልደረስኩም፣ አልቸኩልም።

«ስንት ጣልክ?» ለሚሉህ መልስ አዘጋጅተህ ያዝ። የእኔ እንዲህ ነበር፦ «እሱን እዚያው ትቼው ነው የመጣሁት። ሽሮው ግን ጨው በዝቶበታል።» አብዛኛው ሰው ክፋት የለውም፣ የሚለው ጠፍቶት ነው የሚጠይቅ። ሌላ ወሬ ስትሰጠው ይከተልሃል።

ጋሽ ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡10

ስለ ምሳው እጽፋለሁ ብዬ ነበር፤ ስልኩ ይቅደም። ልጄ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ሬዲዮ ሥርዓት ካለው ስልኩንም ሥርዓት አበጅለት። ስልኩ አጠገብ ወረቀት ለጥፍ። ማን ነኝ፣ ምን ልበል፣ ምን ልጠይቅ። አንሣ፣ ሦስቱን በል፣ ዝም በል። ቀሪው የዚያኛው ሰው ተራ ነው።

የኮዬው መገናኛ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

አጭር ነው፤ የሌሊቱን እምቢ አልኩ። አለቃዬ «እሺ፣ እንዳሻህ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሳምንት ሙሉ ያስጨነቀኝ ነገር በግማሽ ደቂቃ አለቀ። የቀኑን በር ሐሳብ አልጣልኩትም፣ ለጊዜው ግን ስቶሩን ልሞክር። እንዴት እንደሆንኩ ተመልሼ እነግራችኋለሁ።

የኮዬው መገናኛ
ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ቀን 10፡15

ቃል ስለገባሁ ተመለስኩ።

ጆሮዬን ታየሁ። ግራው አብዛኛው ሄዷል፣ ቀኙም ቀጭን ድምፅ ላይ ትንሽ ቀንሷል። ወረቀቱን ይዤ ኤች አር ያለችውን ለአለቃዬ ቃል በቃል አልኩት። ጠረጴዛዬን አዞሩልኝ፤ አሁን የሚገባ ሰው በቀኝ በኩሌ ይመጣል። ይኼ ብቻውን ስንት መደንገጥ እንዳስቀረልኝ አትጠይቁኝ።

ኪኒን ከጀመርኩ አምስተኛ ሳምንት ነው። መጀመሪያ ሆዴን አጉረበረበኝ፣ ከዚያ ተወኝ። ሌሊት ትንሽ እተኛለሁ። በየሁለት ሳምንቱ የማናግራት ባለሙያ አለች።

ስልኩ ላይ የጋሼ ወረቀት ተለጥፏል። ሦስቱን ብዬ ዝም ስል አቅራቢዎቹ ግራ ይጋባሉ፣ «ሄሎ? አለህ?» ይላሉ። አለሁ።

ምሳ አሁንም ይከብደኛል። ዓርብ ዓርብ ከአንድ ልጅ ጋር፣ ከዳር ጠረጴዛ፣ በቀኜ አስቀምጬው እበላለሁ። የቀሩት ቀናት ካርቶኑ ነው።

ታክሲው። ጋቢና ሁለት ሳምንት፣ ረዳቱ ጋ ሁለት ሳምንት። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሦስት ቀን ተከታትሎ አቃተኝና ተመልሼ ጋቢና ገባሁ፣ ደብተሩ ላይም ጻፍኩት። ባለፈው ማክሰኞ ሳላቅድ ኋላ ወንበር ደረሰኝ፣ ጥግ፣ ሰው ጭንቅ ብሎ። ገላን ስንደርስ ትንፋሼን ሳብኩና «ወራጅ!» አልኩ። የወጣው ግን የሬዲዮ ድምፄ ነው፣ በከባድ መሣሪያ መሐል የማወራበት። ፊቴ የነበረችው ሴትዮ ዘላ ሹራቧን ጨበጠች። ረዳቱ «ኧረ ጌታዬ፣ ዱከም ያሉትም ሰሙህ!» አለ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ወረድኩና አስፋልቱ ዳር ቆሜ ደብተሩን አወጣሁ፤ ከመናገሬ በፊት 9፣ ከወረድኩ በኋላ 4።

ጋሽ ጡረተኛው
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡00

አቃቂ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አፉ የነበርኩ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡22

እሰይ! እድሩስ?

የኮዬው መገናኛ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡40

እድሩ ገና ነው። ቅጣቱን እየከፈልኩ ነው።